የቤንጋሊ ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ለምን የዴቫናጋሪ ኮድ ተሰጠው?

ነጠላ_ሰረዝ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ያዞረኝ ነገር አለ፤ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ዱባይ ነው የምሠራው። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ ማስታወቂያ በኤስኤምኤስ የሚልክበት ሲስተም አለው። በሂንዲ፣ በኡርዱ፣ በቤንጋሊ፣ በአማርኛም ጭምር ይልካል። ኮዱን የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ነው። እሱ ሄደ፣ ጣጣው ለእኔ ተረፈ።

ችግሩ ቤንጋሊው ላይ ነው። መልእክቱ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሮቹ ተጣብቀዋል። መዝጊያ ምልክት የሚባል የለም። በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ 160 ምልክት የሚይዘው ኤስኤምኤስ፣ በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ለእያንዳንዱ ምልክት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ሲላክ 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሲስተሙ ረዘም ያለውን ጽሑፍ በየዓረፍተ ነገሩ እየከፈለ ይልካል። ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ሲጠፋበት ደግሞ መሃል ቃል ላይ ይቆርጠዋል። አንድ የባንግላዴሽ ልጅ ስልኩን አሳየኝ። አውቶቡሱ አምስት ሰዓት ይነሣል፣ በር ላይ ጠብቁ የሚል መልእክት ነው። «ጠብቁ» የሚለው ቃል ግማሹ በአንዱ ኤስኤምኤስ፣ ግማሹ በሌላው ደርሶታል።

ኮዱን ከፈትኩት። ማጣሪያው «ከ0980 ከሚጀምረው የቤንጋሊ ብሎክ ውጪ ያለውን ሁሉ ጣል» ይላል። ብሎክ ማለት በዩኒኮድ ውስጥ ለአንድ ፊደል የተመደበ ተከታታይ ቁጥር ነው። ክፍት ቦታ፣ ቁጥር፣ ነጠላ ሰረዝና የጥያቄ ምልክት ብቻ በልዩ ፈቃድ ያልፋሉ። የቤንጋሊ መዝጊያ ይቺ ናት፦ ।  ቁጥሯ 0964 ነው። 0964 ደግሞ ያለው ዴቫናጋሪ ውስጥ ነው፣ ሂንዲ የሚጻፍበት ብሎክ። ስሙ ራሱ «ዴቫናጋሪ ዳንዳ» ይላል። ቤንጋሊ ብሎክ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፤ የለም።

ማጣሪያውን ማስተካከል አያቅተኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። ለቤንጋሊ 128 ቦታ ሰጥተውት አንድ ቋሚ መስመር አጡለት? ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ?

ባለ_ሬጄክስ

ሆን ተብሎ ነው። በብሎክ ቁጥር የሚያጣራ ኮድ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ማታ በሰፊው እመለሳለሁ።

ጋሽ_ማተሚያ

ልጄ ነጠላ ሰረዝ፣ ነገሩ ከዩኒኮድ በፊት ነው የሚጀምረው።

ሕንዶች በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ኢስኪ የሚባል የራሳቸው ኮድ ነበራቸው። ብልሃቱ ይሄ ነው። ዴቫናጋሪ፣ ቤንጋሊ፣ ጉርሙኪ፣ ጉጃራቲ፣ ኦሪያ፣ ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ካናዳ፣ ማላያላም፣ እነዚህ ዘጠኙ ሁሉም የብራህሚ፣ የጥንቱ የሕንድ ፊደል፣ ልጆች ናቸው። መልካቸው ይለያያል እንጂ የፊደል ተራቸው አንድ ነው፤ ካ፣ ኻ፣ ጋ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ኢስኪ አንድ ሰንጠረዥ ብቻ አዘጋጀ። የ«ካ» ቁጥር በሁሉም ያው ነው። ከፊት «አሁን ቤንጋሊ ነኝ» የሚል መቀየሪያ ኮድ ይገባል፤ ከዚያ ስክሪኑ በቤንጋሊ መልክ ያሳያል። ያንኑ ጽሑፍ ዴቫናጋሪ ነኝ ብትለው በዴቫናጋሪ ይወጣል። በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ዳንዳ አንድ ቦታ ነበራት። ለዘጠኙም አንድ።

ዩኒኮድ በ1991 የመጀመሪያውን እትም ሲያወጣ የ1988ቱን ኢስኪ መሠረት አደረገ። ግን መቀየሪያ ኮድ የሚባለውን አልፈለገውም። ለእያንዳንዱ ፊደል 128 ቦታ ለየብቻ ሰጠና ሆሄያቱን በዚያው ተራ ደረደራቸው። የዴቫናጋሪው ካ 0915 ነው፣ የቤንጋሊው 0995። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው ትይዩ ነው። ሆሄያቱ መልካቸው ስለሚለያይ ተለያዩ። ዳንዳ ግን የትም ብትሄድ አንድ ቋሚ መስመር ናት። አንዴ ዴቫናጋሪ ውስጥ አስቀመጧትና «ሌሎቻችሁ ከዚህ ውሰዱ» አሉ።

የቤንጋሊውን ሰንጠረዥ ልብ ብለህ እየው። ዳንዳ ልትቀመጥበት ይገባ የነበረው ትይዩ ቦታ ባዶ ነው። ባዶው ላይ ማስታወሻ አለ፤ ለዚህ 0964ንና 0965ን ተጠቀሙ ይላል። 0965 ባለ ሁለት መስመሯ ናት፣ ለግጥምና ለጸሎት መጻሕፍት። ቦታው ረስተውት የቀረ ሳይሆን ማንም እንዳይገባበት የታጠረ ነው።

አልቀበልም

ጋሼ፣ ታሪኩን በደንብ ነገሩን፣ እናመሰግናለን። ግን «ሁሉም ጋ አንድ መስመር ናት» የሚለው አይዋጥልኝም።

አንድ ከሆነች ለምን ለሌሎቹ የየራሳቸውን ሰጡ? በርማ የራሱ አለው። ክመር የራሱ አለው። ቲቤት የራሱ አለው። እሺ፣ እነሱ መልካቸው ይለያል እንበል። ቻክማስ? ካይቲስ? ሻራዳስ? ሳውራሽትራስ? ብራህሚ ራሱ፣ የሁሉም አባት የተባለው፣ የራሱን ዳንዳ አግኝቷል። እነዚህ የአንዳንዶቹ አንባቢ በጣት የሚቆጠር ነው። ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚናገረው ቤንጋሊ ግን ከጎረቤት ይዋስ ተባለ።

ስሙ ደግሞ የባሰ ነው። የባንግላዴሽ ሰው ስለ ቋንቋውና ስለ ፊደሉ ቀልድ አያውቅም። በ1952 የካቲት ወር ዳካ ላይ ተማሪዎች ለቤንጋሊ ቋንቋ ሲሰለፉ ተተኩሶባቸው ሞተዋል። ዩኔስኮ በ1999 ያንን ቀን የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን አድርጎታል። ለዚህ ሰው «ዓረፍተ ነገርህን የምትዘጋው በዴቫናጋሪ ነው» በለው እስቲ።

ነጠላ_ሰረዝ

እኔም ያልኩት ይሄንን ነው። ባልደረባዬ ስሙን ሲያነብ ፊቱ ጥቁር አለ። እነሱ ዳሪ ነው የሚሏት፣ ከሕፃንነታቸው የሚያውቋት ናት።

ጋሽ_ማተሚያ

አልቀበልም ያነሣኸው እውነት አለው። ወጥ አሠራር አይደለም። ከዘጠኙ በኋላ የገቡት ፊደሎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ማመልከቻ ነው የታዩት። አንዳንዱ የራሱን አገኘ፣ አንዳንዱ 0964ን ተካፈለ። ቲርሁታ፣ ታክሪ፣ ሲሎቲ ናግሪ ተካፋዮች ናቸው። ሲሎቲ ናግሪ እዚያው ባንግላዴሽ ያለ የሲልሄት ፊደል ነው።

ስሙን በተመለከተ ግን ማንም ቢጮህ አይቀየርም። ዩኒኮድ አንዴ የሰጠውን ስም አይነካም፤ ሕጉ ነው። «ብራኬት» የሚለው ቃል ሆሄያቱ ተገለባብጦ የተጻፈበት ምልክት አላቸው፤ ስህተቱን ያውቁታል፣ ማስተካከያ ቅጽል ስም ጨመሩለት፣ ዋናው ስም ግን እንደተገለባበጠ አለ። ፕሮግራሞች በስሙ ስለሚጠሩት ነው።

በኋላ ተምረዋል ማለት ይቻላል። የፊሊፒንስን ፊደሎች በ2002 ሲያስገቡ አራቱ የሚጋሩትን መዝጊያ 1735 ላይ አስቀመጡ። ያለበት ብሎክ ከአራቱ የአንዱ፣ የሃኑኖ ነው፤ ስሙ ግን «የፊሊፒን ነጠላ ሥርዓተ ነጥብ» ነው እንጂ የሃኑኖ አይልም። ለዳንዳም ያኔ እንዲህ ቢያስቡ ኖሮ ግማሹ ጭቅጭቅ አይኖርም ነበር።

እኛም በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። በ1999 ስንገባ ብሎኩ «ኢትዮፒክ» ተባለ። አራት ነጥባችን 1362 ላይ ናት፤ ትግርኛውም፣ አማርኛውም፣ ግዕዙም በእሷ ይዘጋል። «የአማርኛ አራት ነጥብ» ብለዋት ቢሆን ኖሮ እዚህ መድረክ ላይ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት።

አልቀበልም

ሃሃ፣ ጋሼ እሱን ተዉት፣ ክሩ ይዘጋል።

ፎንት_ሠሪዋ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። አልቀበልም፣ ስሙ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። የተለየ ኮድ ይሰጥ በሚለው ላይ ግን አይደለሁም።

ሰዎች የተለየ ኮድ የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ መልኳ ስለሚያስጠላቸው ነው። ቅሬታው ልክ ነው። የቤንጋሊ ሆሄያት ከላይ አግድም መስመር አላቸው፣ ማትራ ይሉታል። ዴቫናጋሪም አለው። ሁለቱን ለየብቻ በተሠሩ ፎንቶች ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው የመስመሩ ከፍታ አይገጥምም፣ ውፍረቱም አይገጥምም። ዳንዳ ቁመቷን የምትወስደው ከዚያ መስመር ነው። አሁን አንድ የቤንጋሊ ፎንት የሠራ ሰው «የእኔ ብሎክ ከ0980 ነው» ብሎ 0964ን ሳይስል ቢቀር ምን ይሆናል? ስልኩ ምልክቷን ያጣና ከሌላ ፎንት ይዋሳል። የዴቫናጋሪው ዳንዳ ይመጣል። ከቤንጋሊው ሆሄ በላይ ብቅ ብሎ፣ ወፈር ብሎ ይቆማል። አንባቢው «ይሄ የእኛ አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው፣ አይደለም። ግን ያጠፋው ፎንት ሠሪው ነው።

በትክክል የተሠራ የቤንጋሊ ፎንት 0964ንና 0965ን በራሱ ልክ ስሎ ይይዛል። ዩኒኮድ ውስጥ ዳንዳ በስሟ ዴቫናጋሪ ትሁን እንጂ የፊደል መለያዋ «የጋራ» ነው የሚለው። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያቀናብረው ሶፍትዌር ዳንዳን ሲያገኝ ከፊቷ ካለው ፊደል ጋር ይደርባታል። ከቤንጋሊ ቃል በኋላ ከመጣች በቤንጋሊ ፎንት ትሳላለች። ሁሉን በአንድ ለያዘ ፎንትም መላ አለ፤ ለፊደሉና ለቋንቋው የተለየ መልክ ማስገባት ይቻላል።

ቻይንኛና ጃፓንኛን ተመልከት። መዝጊያቸው ትንሿ ክብ 3002 ናት። ጃፓን ከታች ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ታይዋን መሃል ላይ። አንድ ኮድ ነው፣ ቦታዋን የሚወስነው ፎንቱና ቋንቋው ነው። ለታይዋን ሌላ ኮድ አልተሰጠም።

በነገራችን ላይ መልኩ በእውነት ሲለያይ ለቤንጋሊም ሰጥተዋል። የዴቫናጋሪ የምሕጻረ ቃል ምልክት 0970 ናት። የቤንጋሊው ሌላ መልክ ስላለው በ2017 የራሱን ኮድ አግኝቷል።

አልቀበልም

እሺ ፎንቱን ተቀበልኩ። ግን አሁን፣ ዛሬ፣ ያንን ባዶ ቦታ ከፍተው «የቤንጋሊ ዳንዳ» ቢያስገቡ ማን ይጎዳል? የፈለገ ይጠቀማል፣ ያልፈለገ ይተዋል።

ባለ_ሬጄክስ

ሁሉም ይጎዳል። ይሄው መጣሁ።

እስከ ዛሬ በቤንጋሊ በዩኒኮድ የተጻፈው ሁሉ፣ ጋዜጣው፣ ዊኪፒዲያው፣ ፌስቡኩ፣ የሚዘጋው በ0964 ነው። ነገ አዲስ ኮድ ቢመጣ ግማሹ ኪቦርድ አሮጌውን ይጽፋል፣ ግማሹ አዲሱን። በዓይን አይለዩም። ፍለጋ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ዓረፍተ ነገር የሚቆርጥ ፕሮግራም ሁሉ ሁለቱንም ማወቅ አለበት። የነጠላ ሰረዝ የአውቶቡስ መልእክት እንደገና መሃል ቃል ላይ ይቆረጣል።

«እኩል ናቸው ይባሉ» ትለኝ ይሆናል። እሱም ተሞክሯል። የግሪክ የጥያቄ ምልክት መልኩ ከእንግሊዝኛው ሴሚኮለን ጋር አንድ ነው። የራሱ ኮድ አለው፣ ግን ከሴሚኮለን ጋር እኩል ተብሎ ተመዝግቧል። ውጤቱ? ጽሑፉ ኖርማላይዝ በተደረገ ቁጥር (እኩል የተባሉ ኮዶች ወደ አንድ ሲመጡ) ወደ ሴሚኮለን ይገለበጣል። ኮዱ አለ ግን አይኖርም። የሚጠቅመው ፕሮግራመሮች የጓደኛቸውን ኮድ ውስጥ በሴሚኮለን ፋንታ እየከተቱ ለማሳበድ ብቻ ነው። የቤንጋሊ ዳንዳም እኩል ከተባለች ወደ 0964 ትመለሳለች። እኩል ካልተባለች ትርምስ ነው። መሃል የለም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም ደግሞ። ከሕንድ በኩል ለየፊደሉ ዳንዳ ይለይ የሚል ጥያቄ ቀርቦ፣ ዩኒኮድ በ2005 ለሕዝብ አስተያየት አውጥቶት ነበር። ለዘጠኙ አንድ እንደሆነች ቀረች።

አሁን ወደ ነጠላ ሰረዝ ችግር። ብሎክን ተወው። ብሎክ ማለት የመጋዘን አድራሻ ነው፣ የማን ዕቃ እንደሆነ አይነግርህም። የምትፈልገው ስክሪፕት ኤክስቴንሽንስ የሚባለውን ፕሮፐርቲ፣ ማለትም ዩኒኮድ ለምልክቱ የመዘገበውን ባሕርይ ነው። ዩኒኮድ ለ0964 የትኞቹ ፊደሎች እንደሚጠቀሙባት ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ ቤንጋሊ እዚያ ዝርዝር ላይ አለ፣ ዴቫናጋሪም፣ ጉርሙኪም፣ ሲንሃላም። ጃቫስክሪፕት ከ2018 ጀምሮ ሬጄክስ (የጽሑፍ ቅጥ መፈለጊያው) ውስጥ ይደግፈዋል፤ «ስክሪፕት» (ዋናው የፊደል መለያ) በሚለው ፋንታ «ስክሪፕት ኤክስቴንሽንስ እኩል ቤንጋሊ» ትለዋለህ። ዳንዳ ታልፋለች። «ስክሪፕት እኩል ቤንጋሊ» ብቻ ካልክ ግን አሁንም ትወድቃለች፣ ምክንያቱም ዋና መለያዋ «የጋራ» ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ለመቁረጡ ደግሞ የምልክት ዝርዝር በእጅህ አትጻፍ። ዩኒኮድ «ዓረፍተ ነገር ዘጊ» የሚል ምድብ አለው። ዳንዳም አለችበት፣ የእኛም አራት ነጥብ አለችበት።

ነጠላ_ሰረዝ

ባለ ሬጄክስ ተባረክ። ሞከርኩት፣ ዳንዳ አለፈች፣ መቁረጡም ተስተካከለ። ግን ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዳንድ ቃላት አሁንም ተበላሽተው ይወጣሉ፤ ልጁ እንዳለኝ በተለይ ከእንግሊዝኛ የመጡት፣ «ራሊ» እና «ራም» ዓይነቶቹ። ሌላው ደግሞ፣ ከአንድ ተርጓሚ በሚመጡት ፋይሎች ላይ ዳንዳ እያለች አይቆርጥም። በዓይኔ አያታለሁ፣ አለች።

ባለ_ሬጄክስ

የመጀመሪያው የማትታይ ምልክት ናት፤ ዜሮ ዊድዝ ጆይነር። ቤንጋሊ ውስጥ «ራ» ከ«ያ» ጋር ሲጣመር ሁለት መልክ ሊይዝ ይችላል። በልማዱ «ራ» ወደ ላይ ትወጣና ጭረት ትሆናለች። «ራሊ» ላይ ግን «ራ» ሙሉዋን ቆማ «ያ» ናት ከጎን የምትታጠፈው። ያንን የምትነግረው ይቺ የማትታየዋ ናት። ያንተ ማጣሪያ አውጥቶ ይጥላታል። እሷንም፣ እህቷን ዜሮ ዊድዝ ኖን ጆይነርንም ለብቻ አስፈቅድ።

ሁለተኛው ላይ የተርጓሚውን ዳንዳ ኮፒ አድርገህ ቁጥሯን እየው። የኪቦርዱ ቋሚ መስመር | ናት ብዬ እወራረዳለሁ።

ነጠላ_ሰረዝ

ኧረ! ናት።

ጋሽ_ማተሚያ

ይሄንን እኔ ላስረዳህ፣ የእኔ ዘመን በሽታ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ ቢጆይ የሚባል የሙስጠፋ ጀባር ኪቦርድ ነግሦ ኖሯል። ማተሚያ ቤት ሁሉ በእሱ ነው የሠራው። አሮጌው አሠራር ዩኒኮድ አይደለም፤ በእንግሊዝኛው ቁጥር ላይ የቤንጋሊ መልክ የተሳለበት ፎንት ነው። ዳንዳ የተቀመጠችው በዚያች በኪቦርዱ ቋሚ መስመር ቁጥር ላይ ነው። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይረው ፕሮግራም ጥሩ ከሆነ ወደ 0964 ይቀይራታል። ካልሆነ እንዳለች ትቀራለች፤ መልኳ ስለሚመሳሰል ማንም አያያትም።

እነ አቭሮ፣ በዩኒኮድ የሚጽፉት የቤንጋሊ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ ከመጡ ወዲህ ቀለለ። አቭሮን መህዲ ሐሰን ካን በ2003 ነው ያወጣው፣ ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበር። በላቲን ድምፁን ትጽፋለህ፣ ቤንጋሊ ይሆናል። ነጥብ ስትነካ ራሷ 0964 ትወጣለች፤ ጸሐፊው ስለ ዴቫናጋሪ ሰምቶም አያውቅም።

የኛም ሰው ሁለት ጊዜ ኮለን :: እየመታ አራት ነጥብ ጻፍኩ ይላል። የአማርኛውን ፋይልህን ፈትሽ።

ነጠላ_ሰረዝ

ፈተሽኩ ጋሼ። ሞልቶታል። 😅

አልቀበልም

ለኪቦርዱ መስመር ጥንቃቄ። ቤንጋሊ ጽሑፍ ውስጥ ያለችውን ሁሉ በጅምላ ወደ ዳንዳ ብትቀይር ስልክ ቁጥርና ስም የሚለያዩባትንም ትቀይራለህ። ከፊቷ የቤንጋሊ ሆሄ ካለ ብቻ ቀይር። (ስሙ ላይ ያለኝ ቅሬታ እንዳለ ነው።)

ፎንት_ሠሪዋ

አንድ ልጨምር። ብዙ ጸሐፊዎች፣ ሂንዲም ቤንጋሊም፣ ከዳንዳ በፊት ክፍት ቦታ ይተዋሉ። ቃሉና ዳንዳ እንዳይጣበቁ ነው፣ በተለይ ቃሉ በቋሚ መስመር ካለቀ። ስልክ ላይ ግን ቦታው እንደ መስመር መቁረጫ ይቆጠርና ዳንዳ ብቻዋን አዲሱ መስመር መጀመሪያ ላይ ትወርዳለች። ከፊቷ ያለውን ክፍት ቦታ ሰርዘው፤ ትንሹን ክፍተት ፎንቱ ራሱ ይሰጣታል። ከ70 ምልክትህም አንድ ታተርፋለህ።

ነጠላ_ሰረዝ

እሺ፣ እሱንም አስገባለሁ። የኡርዱው መዝጊያ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆኖብኛል፤ ለእሱ አዲስ ክር እከፍታለሁ፣ ይሄኛው ረዘመ።